ዳሌያቸው የተሰበረ አረጋዊ የማን ታካሚ ናቸው? አምስት የሆስፒታል አሠራሮች ሲነጻጸሩ

አብዛኛው የአረጋውያን የዳሌ ስብራት ከፍ ካለ ቦታ በመውደቅ የሚመጣ አይደለም። አንዲት የሰማንያ ሁለት ዓመት እናት ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ይሰናከላሉ፤ ይወድቃሉ፤ መነሣት ያቅታቸዋል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል፤ ራጁ የቀረውን ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ የሚያየው የተሰበረ አጥንት ነው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ የሚያየው የደከመ ልብና ከፍ ዝቅ የሚል ስኳር ነው፤ የሰመመን ሐኪሙ ደግሞ የሚያየው የሚያሰጋ ማደንዘዣ ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው። እናቲቱ ግን የማን ታካሚ ናቸው?

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው አሠራር መርጦ ማቋቋም ያለበት የሆስፒታል ኃላፊ ነው። ሁለተኛው ወላጁን ይዞ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመ ቤተሰብ ነው። ሁለቱንም የሚያደናግረው ስያሜው ነው። «የቡድን ሕክምና»፣ «የተቀናጀ እንክብካቤ»፣ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚሉት ቃላት በሁሉም ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሥራ ግን እጅግ የተለያየ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በብዙ አገሮች ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የሚገድላቸው አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ ራሱ አይደለም። የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ የደም መርጋት፣ የመኝታ ቁስልና የምግብ ፍላጎት ማጣት ተደራርበው ነው። ስለዚህ የትኛው ብሎን ወይም የትኛው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይሻላል ከሚለው ክርክር በፊት በዙሪያው ያለውን አሠራር መመርመር ያዋጣል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሰዓት ነው። ስብራቱ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት ያልፋል? የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ ታካሚው በገባበት ቀን ወይም በማግስቱ ይሁን ይላል፤ በ2010 ለሆስፒታሎች ተጨማሪ ክፍያ ለመስጠት የወጣው መስፈርት ደግሞ 36 ሰዓትን ወሰን አድርጎ ነበር። ከዚህም እጅግ መፍጠን ምን ያመጣል ለሚለው ጥያቄ በ2020 የታተመ ትልቅ ጥናት መልስ ሰጥቷል። በ17 አገሮች 2970 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ስብራቱ በታወቀ በ6 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው በ24 ሰዓት ገደማ ቀዶ ሕክምና አገኘ። በሞትም ሆነ በከባድ ችግሮች ልዩነት አልታየም። ቶሎ በታከሙት ላይ ግን ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቀንሷል፤ ቀድመውም ከአልጋ ተነሥተዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው የደቂቃ እሽቅድምድም እንደማያስፈልግ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ማስቆየት ግን ሰበብ እንደሌለው ነው።

የሚያዘገየው ደግሞ ሁልጊዜ የቀዶ ሕክምና ክፍል እጥረት አይደለም። አንዱ ሐኪም «የልብ አልትራሳውንድ ይጠበቅ» ይላል፤ ሌላው «ደም ማቅጠኛው ከሰውነት ይውጣ» ይላል፤ ሦስተኛው «ስኳሩ ይስተካከል» ይላል። አስፒሪን መውሰድ ብቻውን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም፤ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ማርከሻ ይሰጠዋል እንጂ ዝም ተብሎ ቀን አይቆጠርለትም። ይህን የሚያውቅና የሚወስን አንድ ሰው ከሌለ አረጋዊቷ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጾማቸውን ያድራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጾማሉ። ሁለት ቀን ውኃ ያልቀመሰ የሰማንያ ዓመት ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባው ከወደቀበት ሰዓት በባሰ ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ችግርን ቀድሞ የሚያይ ሰው መኖሩ ነው። ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስን እንውሰድ። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው ሲጠሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ያሉበትን ክፍል አያውቁም። የሚጮኸውና ቱቦውን የሚነቅለው ታካሚ ይታያል፤ ሰው ይጠራለታል። ዝም ብሎ የሚተኛው ግን ያመልጣል፤ «ዛሬ ረጋ ብለዋል» ተብሎ ይታለፋል። ለዚህ የሚዳርገው ብዙ ነገር ነው፦ ያልታከመ ሕመም፣ የውኃ ጥማት፣ የሆድ ድርቀት፣ ሳያስፈልግ የቆየ የሽንት ቱቦ፣ ለእንቅልፍ ተብሎ የተሰጠ ክኒን፣ ቤት የተረሳ መነጽር። ከእነዚህ አንዱም የቀዶ ሐኪም የዕለት ሥራ አይደለም። ስለዚህ የሌላ ሰው የዕለት ሥራ መሆን አለበት።

ሦስተኛው፣ ታካሚው በቀዶ ሕክምናው ማግስት ይቆማል ወይ? አራተኛው፣ ቅዳሜና እሑድ ምን ይሆናል? ብዙ ጥሩ አሠራር ዓርብ ማታ ያበቃል፤ ሰው ግን ዓርብ ማታም ይወድቃል። አምስተኛው፣ ቀጣዩን ስብራት የሚከላከል አለ ወይ? በዚህ ረገድ በ2007 የታተመ ጥናት አለ፤ 2127 ታካሚዎች የተሳተፉበት ነው። የዳሌ ስብራታቸው ከተጠገነ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ጀምሮ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠውን ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ያገኙት፣ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ አዲስ ስብራት በ35 በመቶ፣ ሞት ደግሞ በ28 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ይህን መድኃኒት ማን ያዝዛል ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ ሌላው ክፍል ከጠቆመ አሠራሩን አውቀውታል ማለት ነው።

የመጨረሻው መመዘኛ አሠራሩ የሚጠይቀው የሰው ኃይልና የአልጋ ብዛት ነው። በመመዘኛነት ያላስገባሁት አንድ ነገር አለ፦ ሙሉ ሰመመን ይሁን ወይስ ከወገብ በታች ማደንዘዣ የሚለውን። በ2021 የታተመ 1600 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በሞትም ሆነ በ60ኛው ቀን መራመድ በመቻል አንዱ ከሌላው እንደማይበልጥ አሳይቷል። ቤተሰብ በዚህ ላይ የሚያጠፋውን ጭንቀት ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች ቢያዞረው ይሻለዋል።

አንደኛ፦ የአጥንት ክፍል፣ ሲጠራ ብቻ የሚመጣ ሐኪም

በብዙ ቦታ የሚገኘው ይህ ነው። ታካሚው በአጥንት ቀዶ ሐኪም ስም ይተኛል። ሌላ ችግር ሲመጣ «የውስጥ ደዌ ምክክር ይደረግ» ተብሎ በካርዱ ላይ ይጻፋል። የተጠራው ሐኪም የራሱን ክፍል ጨርሶ፣ አንዳንዴ በማግስቱ፣ ይመጣል፤ የሚያየውም ትኩሳቱ ከተነሣ፣ ትንፋሹ ካጠረ በኋላ ነው። አስተያየቱን ጽፎ ይሄዳል። ያን አስተያየት ያነበበ ይኑር አይኑር ማንም አይጠይቅም።

ጥቅሙ ምንም አዲስ ነገር አለመጠየቁ ነው። ጠንካራ የሆነ፣ ሌላ ሕመም የሌለበት የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው በዚህ አሠራርም በደህና ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። ለሌላው ግን አሠራሩ የተገነባው ችግር እስኪፈጠር በመጠበቅ ላይ ነው፤ በሁለተኛው መመዘኛ ገና ከመነሻው ይወድቃል። ይህን አሠራር «የቡድን ሕክምና» ብሎ መጥራት ተጠሪ ሐኪሞችን በስልክ ማውጫ ውስጥ ስላገኙ ቡድን አለን ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ የአጥንት ክፍል፣ በየቀኑ የሚጎበኝ የአረጋውያን ሐኪም

አልጋው እዚያው አጥንት ክፍል ነው፤ ኃላፊነቱም የቀዶ ሐኪሙ ነው። ለውጡ የአረጋውያን ሐኪም ወይም የሠለጠነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጥሪ ሳይጠብቅ፣ ከተቻለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ከዚያም በየቀኑ መምጣቱ ነው።

ትንሽ መስሎ የሚታየው ይህ ለውጥ ብዙ ያመጣል። በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 126 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ አይቶታል። እንደተለመደው ከታከሙት ግማሾቹ ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ሲደርስባቸው በየቀኑ ከተጎበኙት ግን የደረሰባቸው 32 በመቶ ናቸው። ከውጤቱ ይልቅ እኔን የማረከኝ ዘዴው ነው። ጎብኚው ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ከአምስት፣ በቀጣዮቹ ቀናት ከሦስት ያልበለጠ ምክር ብቻ እንዲሰጥ ተገድቦ ነበር። ሃያ ነጥብ የተዘረዘረበትን ወረቀት ማንም እንደማይፈጽም የገባው ሰው ያወጣው ደንብ ነው።

ድክመቱ ሥልጣኑ ላይ ነው። ጎብኚው ይመክራል እንጂ አያዝዝም። ቀዶ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሆነ ምክሩ እስከ ማታ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሠራሩን ለሚያቋቁም ኃላፊ የምመክረው፣ ጎብኚው ሐኪም ቢያንስ የሕመም ማስታገሻን፣ ፈሳሽን፣ የሽንት ቱቦ መንቀልንና የመድኃኒት ማስተካከልን በራሱ ፊርማ እንዲያዝዝ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ መስማማትን ነው።

ሦስተኛ፦ የአረጋውያን ክፍል፣ የሚጎበኝ ቀዶ ሐኪም

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ታካሚው ከድንገተኛ ክፍል በቀጥታ ወደ አረጋውያን ክፍል ይሄዳል፤ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ይጠግናል፤ ቁስሉን ለማየት ይመጣል። ነርሶቹ፣ ፊዚዮቴራፒስቶቹ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎቹ ከመነሻው ለአረጋውያን የተመደቡ ናቸው።

ይህ አሠራር በኖርዌይ በዕጣ በተከፋፈሉ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። በትሮንዳይም ከተማ የተደረገው ጥናት በ2015 ታትሟል፤ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ከመውደቃቸው በፊት ቤታቸው ይኖሩ የነበሩና መራመድ ይችሉ የነበሩ 397 ሰዎች ተሳትፈዋል። በአራተኛው ወር በአረጋውያን ክፍል የታከሙት የተሻለ ይንቀሳቀሱ ነበር። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤታቸው የሄዱት ደግሞ 25 በመቶ ነበሩ፤ በአጥንት ክፍል ከታከሙት ግን 11 በመቶ ብቻ።

ሌላውን ወገን አለመናገር ግን ማጭበርበር ይሆናል። በኦስሎ 329 ታካሚዎችን ያሳተፈውና በ2014 የታተመው ተመሳሳይ ጥናት አረጋውያን ክፍል ማስተኛት ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስንም ሆነ ከአራት ወር በኋላ ያለውን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ እንዳልለወጠ አግኝቷል። ቤታቸው ይኖሩ የነበሩት በእንቅስቃሴ ረገድ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከዚህ አሠራር የሚጠበቀው ትልቁ ትርፍ እግር ነው ብል አልሳሳትም፤ አእምሮን ይታደጋል ብሎ መሸጥ ግን ማጋነን ነው።

የሚጠይቀው ከባድ ነው፦ የራሱ አልጋ ያለው የአረጋውያን ክፍል፣ በቂ ሐኪምና ነርስ። ሌላም አለ። ቀዶ ሐኪሙ እንግዳ ስለሚሆን የቀዶ ሕክምናው ሰዓት ሊጓተት ይችላል። ታካሚው በክፍሉ ውስጥ ዘወትር በዓይኑ ፊት ካልሆነ በዕለቱ ዝርዝር ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል።

አራተኛ፦ የጋራ ኃላፊነት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ ሄስቲንግስ ከተማ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ማይክል ዴቫስና የአረጋውያን ሐኪሙ ቦቢ ኧርቪን ያስጀመሩት ሥራ ለዚህ ዘርፍ እንደ መነሻ ይቆጠራል። በኋላ በአሜሪካ የሮቸስተር ከተማ ሐኪሞች ጥርት ባሉ ደንቦች አደራጁት፦ ቀዶ ሕክምናው ይፋጠን፤ ሁለቱ ሐኪሞች እኩል ባለቤት ይሁኑ፤ የተለመዱት ትእዛዞች ቀድመው የተዘጋጁ ይሁኑ፤ ከሆስፒታል የመውጣት ዕቅድ ታካሚው በገባበት ቀን ይጀመር።

«እኩል ባለቤት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነው። ሁለቱም በየቀኑ ያያሉ፣ ሁለቱም ያዝዛሉ፣ ለውጤቱም ሁለቱም ይጠየቃሉ ማለት ነው። ካልተጠነቀቁ ግን የሁለት ሰው የሆነው የማንም ይሆናል፤ አንዱ «እሱ አዞት ይሆናል» ብሎ ሲያልፍ ሌላውም እንዲሁ ያስባል። ስለዚህ የጋራ ኃላፊነት በበጎ ፈቃድ ብቻ አይቆምም። ሕመም የማን፣ ደም ማቅጠኛ የማን፣ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ መፈረም አለበት። ታካሚው ድንገተኛ ክፍል ሳለ ነርቭ የሚያደነዝዘውን መርፌ ማን እንደሚወጋም እዚያው ይጻፍ፤ በዚህ መርፌ ብዙ የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት መቆጠብ ይቻላል።

በአገር ደረጃ የታየው ማስረጃ ከእንግሊዝ ነው። በ2007 ብሔራዊ የዳሌ ስብራት መዝገብ ተቋቋመ። በ2010 ደግሞ መስፈርቶችን ላሟላ ሆስፒታል በየታካሚው ተጨማሪ ክፍያ መስጠት ተጀመረ፤ ከመስፈርቶቹ መካከል ፈጣን ቀዶ ሕክምና፣ በቀዶ ሐኪምና በአረጋውያን ሐኪም የጋራ ክትትልና ቀጣይ ስብራትን የመከላከል ግምገማ ይገኙበት ነበር። በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በ2007 ከነበረበት 10.9 በመቶ በ2011 ወደ 8.5 በመቶ ወርዷል። ለዚህ ሁሉ ምስጋናው የጋራ ኃላፊነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መዝገቡም ክፍያውም የየራሳቸውን ሠርተዋል። እኔ ግን አንድ ሆስፒታል አንድ ነገር ብቻ ከዚያ ይውሰድ ብባል መዝገቡን እመርጣለሁ። ሰዓቱን የማይጽፍ ሆስፒታል ሁልጊዜ ፈጣን ነኝ ይላል።

አምስተኛ፦ የአረጋውያን ሐኪም ለሌለበት፣ በነርስ የሚመራ ቡድን

የአረጋውያን ሐኪም በብዙ አገሮች እጅግ ጥቂት ነው፤ ጨርሶ የሌለበትም ሞልቷል። ይህ ግን ወደ አንደኛው አሠራር ለመመለስ ምክንያት አይሆንም። አንዲት ልምድ ያላት ነርስ የሁሉም የዳሌ ስብራት ታካሚዎች አስተባባሪ ሆና ትመደባለች። አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም በየጠዋቱ ከእርሷ ጋር ይዞራል። የሰመመን ሐኪሙ ታካሚውን የሚያየው በገባበት ቀን ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ደግሞ በማግስቱ።

ቡድኑን የሚያቆመው ግን የተጻፈው ቅደም ተከተል ነው፦ ሕመም በስንት ሰዓት ይለካል፣ ጾም መቼ ይጀመራል፣ ቀጠሮ ከተሰረዘ ወዲያው ይበላል፣ የሽንት ቱቦ መቼ ይነቀላል፣ ተረከዝ በምን ይደገፋል። በነገራችን ላይ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት እግርን በክብደት መጎተት ሕመምን ይቀንሳል የሚለው የቆየ ልማድ ማስረጃ አልተገኘለትም፤ ታካሚውን አልጋ ላይ ከማሰር አልፎ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ይህ አሠራር በአንድ ሰው ትጋት ላይ ይንጠለጠላል። አስተባባሪዋ ዕረፍት ስትወጣ ሁሉም ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ተተኪ ካሁኑ ይሠልጥን።

| አሠራር | ተጠሪው ማን ነው | ጠንካራ ጎኑ | የሚሰበርበት ቦታ | የሚጠይቀው |
|---|---|---|---|---|
| ሲጠራ የሚመጣ ሐኪም | ቀዶ ሐኪሙ | አዲስ ወጪ የለውም | ችግር ከደረሰ በኋላ ይደርሳል | ምንም |
| በየቀኑ የሚጎበኝ ሐኪም | ቀዶ ሐኪሙ | የአእምሮ መቃወስን ይቀንሳል | ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም | የአንድ ሐኪም ቋሚ ሰዓት |
| የአረጋውያን ክፍል | የአረጋውያን ሐኪሙ | እንቅስቃሴ፣ ወደ ቤት መመለስ | የቀዶ ሕክምና ሰዓት ሊጓተት ይችላል | የራሱ አልጋና ባለሙያ |
| የጋራ ኃላፊነት | ሁለቱም | ከፈጣን ቀዶ ሕክምና እስከ ቀጣይ ስብራት መከላከል | ካልተጻፈ ባለቤት አልባ ይሆናል | ስምምነት፣ መዝገብ፣ ሁለት ሐኪም |
| በነርስ የሚመራ ቡድን | ቀዶ ሐኪሙ፣ በአስተባባሪዋ በኩል | በጥቂት ሰው ይጀመራል | በአንድ ሰው ላይ ይንጠለጠላል | አስተባባሪ፣ የተጻፈ መመሪያ |

ለማን የትኛው?

ብዙ ታካሚ የሚቀበል፣ የአረጋውያን ሐኪሞችም ያሉት ትልቅ ሆስፒታል ከአራተኛው በታች መርካት የለበትም። ጠንካራ የአረጋውያን ክፍል ቀድሞ ካለውና ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ ሦስተኛው ጥሩ ምርጫ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ሰዓት ተራ ግን በስምምነት ይጠበቅ። አንድ የአረጋውያን ሐኪም ብቻ ያለው ሆስፒታል ሁለተኛውን ይያዝ። ያን ሐኪም በመላው ሆስፒታል ከማዳረስ በየጠዋቱ ዳሌ የተሰበሩትን እንዲያይ ማድረግ የተሻለ ያዋጣል። የአረጋውያን ሐኪም የሌለው አምስተኛውን በሚቀጥለው ሳምንት መጀመር ይችላል፤ ሕንጻም መሣሪያም አይጠይቅም። በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና መስጠት የማይችል ሆስፒታል ደግሞ አሠራር ከመምረጡ በፊት ታካሚውን በፍጥነት የሚቀበለው ሌላ ሆስፒታል ይፈልግ።

አንዳንዶች ቀዶ ሕክምናውን እንዳለ ትተው በኋላ ወደ ማገገሚያ ክፍል ማዛወርን እንደ ስድስተኛ አማራጭ ያቀርባሉ። በ2021 የታተመ፣ 28 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ በሆስፒታል ውስጥ በቡድን የሚሰጥ ተሃድሶ ሞትንና ወደ መጦሪያ መግባትን አንድ ላይ ሲቆጥር መጥፎውን ውጤት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማገገሚያው ጠቃሚ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የደረሰውን ጉዳት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አያነሣውም። ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ቤተሰብ ከሆኑ አሠራሩን የመምረጥ ዕድልዎ ጠባብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አምቡላንሱ ወስኖልዎታል። የታካሚው ሁኔታ ግን ምን ላይ መጠንከር እንዳለብዎ ይነግራል። ቀድሞ የመርሳት ችግር ያለባቸው ከሆኑ በየቀኑ አንድ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ያስፈቅዱ፤ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን ይውሰዱ። ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ክኒኖቹን ሁሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ ከቃል ዝርዝር ይህ ይበልጣል። ብርቱ የነበሩ ሰው ከሆኑ ጥያቄዎ ፊዚዮቴራፒስቱ እሑድ ይመጣል ወይ የሚል ይሁን።

ከዚያ ውጪ በመጀመሪያው ቀን፣ በትሕትና ግን ሳይፈሩ፣ አራት ነገር ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው፣ ካልሆነስ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ከአጥንቱ ሌላ ያለውን ሕመማቸውን በየቀኑ የሚያየው ሐኪም ማን ይባላል? በማግስቱ ከአልጋ የሚያነሣቸው ማን ነው? የአጥንት መሳሳት መድኃኒትስ ከመውጣታቸው በፊት ይጀመራል ወይ? መልሶቹን ከነስማቸው በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ተረኛው ሲቀየር ለአዲሱ የሚያሳዩት እሱን ነው።